ከገጽ ዘጠና ሰባት በኋላ

ሰማንያ ሰው ፊት ቆሜ ያወደስኩትን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም ነበር። ዛሬ ይህን መጻፍ ቀላል ነው። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የሚያውቅብኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት በየቅዳሜው ትልቁን አዳራሽ ይከፍትና ስለ አንድ መጽሐፍ ለአንድ ሰዓት ይወራበታል። መጽሐፉን የምመርጠውም የማቀርበውም እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሩቅ አገር ተምሬ፣ የመጨረሻውን ዲግሪ ሳልይዝ ስመለስ የተገኘልኝ ሥራ ይኸው ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ «ዶክተር» ይሉኛል፤ ባልጨረስኩት ዲግሪ መቀለዳቸው ነው። አብሬያቸው እስቃለሁ። ከተመለስኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ሻንጣዬ ግን እስከ ዛሬ ግማሹ እንደታሸገ ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ስሷን መጽሐፍ ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

«መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ብቻ ናት» አልኩ። «አንድ ከሰዓት በኋላ አትፈጅባችሁም። ሁለት ሴት ልጆች አሉ። አንዷ የፊተኛው ቤት ልጅ ናት፤ ሌላዋ ጓሮ የሚኖር የተከራይ ልጅ። አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። የጓሮዋ ልጅ የፊተኛዋን ሒሳብ ትሠራላታለች፤ የፊተኛዋ መጽሐፍ ታውሳታለች። ማን ለማን ውለታ እንደዋለ ሁለቱም አያውቁትም። ይዋደዳሉ፣ ይቀናናሉ። አንድ ቀን የፊተኛዋ የጓደኛዋን አንድ ለእናቱ ዩኒፎርም በመቀስ ትቆርጥባታለች። ለምን እንዳደረገችው ራሷም አታውቅም። ልጅነታቸው የሚያልቀው እዚያ ላይ ይመስለኛል።»

እየተናገርኩ ስሄድ የራሴ ድምፅ ጣፈጠኝ። ስለ ፍቅርና ስለ ቅናት፣ ስለ ድንበርና ስለ ደረጃ አነሳሁ ጣልኩ። ስጨርስ ሁልጊዜ ከመስኮቱ ጥግ የሚቀመጡት ጡረተኛ መምህር እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ መጨረሻቸው እንዴት ሆነ? የኔ ዓይን ደክሟል፤ እስከዚያ አላደርሰውም ይሆናል።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

«ጋሼ፣ መጨረሻውን መናገር ነውር ነው። ይህን ያህል ግን ልንገርዎ፤ ጓደኝነታቸው ያሸንፋል።»

ተጨበጨበ። እናቴ ከሁሉ አብልጣ አጨበጨበች። በጭብጨባው መካከል በሩ አጠገብ ያለውን የመጨረሻውን ወንበር በዓይኔ ፈለግኩ። መርፌ የምንላት ልጅ እዚያ ነበረች። እጆቿ ጭኗ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ተቆጥታ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ሐዘን ቤት ሄዶ ምን እንደሚል እንደጠፋበት ሰው ዓይነት ነው ያየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ወጣች።

ስንት ሰው እጄን ጨበጠ። የሁሉም እጅ ሙቅ ነበር፤ የኔ ብቻ ቀዝቅዞ ነበር።

*

መርፌ የቤተ መጻሕፍቱ ጠራዥ ናት። ምድር ቤት፣ ኮላና አሮጌ ወረቀት በሚሸትበት ክፍል ውስጥ የተቀደደ ትሰፋለች፣ የተላቀቀ ታጣብቃለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት አብረዋት የሚሠሩት አዛውንት ጠራዥ ናቸው። «ለሥራዋ ነው ወይስ ለምላሷ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ቆይ ትደርስበታለህ» አሉኝ። እናቷ ይኸንኑ ሕንፃ ጉልበታቸው እስኪያልቅ ድረስ ያጸዱ ሴት ናቸው። የኔ አባት ደግሞ በሕይወት እያለ የቤተ መጻሕፍቱ ቦርድ ሰብሳቢ ነበር። በአንድ ደረጃ እኔ ሽቅብ ስሮጥበት፣ እሷ እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ አድጋለች።

የተዋወቅነው በጥገና ወረቀት ነው። የተጎዳ መጽሐፍ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ጉዳቱ የሚጻፍበት ትንሽ ወረቀት አብሮት ይሄዳል፤ ሲጠገን ወረቀቱ መልስ ተጽፎበት ይመለሳል። አንድ ቀን «ሽፋኑ ተላቋል፣ ጀርባው ተሰንጥቋል» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «የላከውም ሰው ደኅና አይደለም» ብዬ ጨመርኩበት። በማግስቱ መልሱ መጣ። «መጽሐፉ ተጠግኗል። ለሰው የሚሆን ኮላ የለንም።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ደኅና መጽሐፍ ተጎድቷል ብዬ ልኬአለሁ። መጀመሪያ «እርስዎ» ትለኝ ነበር፤ ለምኜ ነው ያስተውኳት። ከሰባት ወር በኋላ፣ በሁለቱ የመጭመቂያ ማሽኖች መካከል ቆሜ እንድታገባኝ ጠየቅኳት። ሁለቱም እጇ ኮላ ነበር። ስጠጋት በክርኗ ደረቴን ገፋ አደረገችኝና ዓይኗን በትከሻዋ ጠረገች።

መልስ ግን አልሰጠችኝም። ከመደርደሪያው አንድ ስስ መጽሐፍ አወረደች።

«ይህን አንብብ። መልሴን ከዚያ በኋላ እነግርሃለሁ።»

መጽሐፉን ለኔ ብላ የጠረዘችው ራሷ ናት። የተዘጋ ማተሚያ ቤት ታትሞ ያልተጠረዘ የመጽሐፉን ወረቀት ሲጥል አንሥታ፣ በምሳ ሰዓቷ አጥፋ፣ በእጇ ሰፍታ። መካከሉ ላይ ስስ፣ ለስላሳ እንጨት ሰክታበታለች።

«ምልክት ማድረጊያም አለው!» አልኩ።

ፈገግ አለች። «ስታነበው ይገባሃል።»

ለምን አላነበብኩትም? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ አቀረብኩት። ጀምሬው ነበር፤ ወድጄውም ነበር። አምሳ ስምንተኛው ገጽ ላይ ሁለቱ ልጆች ስለ ዩኒፎርሙ ታረቁ፤ ደስ አለኝና እንጨቱን እዚያ ላይ አድርጌ ዘጋሁት። ከዚያ ሥራ መጣ፣ ስብሰባ መጣ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነት ታሪክ የት እንደሚደርስ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ብዙ የተማረ ሰው በሽታው ይኸው ነው፤ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ያወቀ ይመስለዋል። ይባስ ብዬ ለቅዳሜው ፕሮግራም መረጥኩት። ደስ ይላታል ብዬ እኮ ነው።

*

ሰኞ ጠዋት መጽሐፉ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። ቅዳሜ ለካ መድረኩ ላይ ረስቼው ሄጃለሁ። የጥገና ወረቀት ተያይዞበታል፤ ጽሕፈቷ ከወትሮው የቀና ነበር።

«ጉዳት፦ የለም። ምርመራ፦ ከገጽ 97 እስከ 112 የላይኛው ጫፍ እንደተጣጠፈ ነው። አልተከፈተም። ምልክቱ ገጽ 58 ላይ ተገኝቷል።»

ገለጥኩት። እውነትም የመጨረሻዎቹ ገጾች ከላይ በኩል እርስ በርስ ተያይዘው ነበር። እጄን ሳላስገባባቸው፣ ዓይኔ እንኳ ሳያርፍባቸው ነበር ያጨበጨቡልኝ። ማንም ሳያየኝ በጓሮው ደረጃ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

«ዶክተር!» አሉ አዛውንቱ ጠራዥ ገና ሳይዞሩ። «ዛሬ ደግሞ ምን ቀደድክ?»

መርፌ ከስፌቷ ቀና አላለችም። «እንደምን አደሩ።»

«እርስዎ ሆንኩ?»

«ሥራ ቦታ ነን።»

አዛውንቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩና ድንገት ሻይ አማራቸው። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ከያዝኩት መጽሐፍ ውስጥ እንጨቱን መዝዛ ከፊቴ ያዘችው። «ይህ ምንድን ነው?»

«ምልክት...»

«የወረቀት ቢላ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ የወረቀት ቢላ አታውቅም?»

እኔ የማውቀው መጽሐፍ ሁሉ በማሽን ተቆርጦ ነው እጄ የሚገባው።

«ወረቀቱ ታጥፎ ሲሰፋ ጫፉ አንድ ላይ ይቀራል» አለች። «ሌላውን ሁሉ ቆረጥኩልህ። የመጨረሻውን እጥፋት ግን ሆን ብዬ ተውኩት። በኛ ሥራ ከሱ የሚጣፍጥ ነገር የለም፤ ማንም ያልከፈተውን ገጽ መክፈት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ከፍቶ የጨረሰውን ነው የምጠግነው። ከእጄ አንድ እንኳ አዲስ ነገር ለምወደው ሰው ይድረሰው ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ይቅርታ ማለት የሚችል ሰው ነበርኩ። ቃሉም አፌ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እና ፈተና ነበር? ወጥመድ ዘርግተሽልኝ ነበር ማለት ነው?»

ቢላዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ድምፅ እንዳታሰማ ተጠንቅቃ ነው ያስቀመጠቻት።

«ስጦታ ነበር» አለች። «ወጥመድ ያደረግከው አንተ ነህ። መልሴን እንዴት ነው የምነግርህ? ጥያቄዬን አላነበብከው። በል አሁን ሂድ፤ ቁረጠውና አንብበው። ለኔ ብለህ ግን አታንብበው።»

ስወጣ ቢላዋን አንሥቼ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አጣብቄ ነበር፤ ልክ አንድ ሰው የሚቀማኝ ይመስል።

*

ማንም በማይመጣበት የአሮጌ ጋዜጦች ክፍል ገብቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ቢላዋን በመጀመሪያው እጥፋት ውስጥ አስገባሁ። ወረቀቱ ሲለያይ ቀስ ያለ፣ እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅ ያወጣል። ነጭ ብናኝ ሱሪዬ ላይ ወረደ። ማንም ያላየው ገጽ ተከፈተ፤ የከፈተው ግን ያልተገባው ሰው ነው።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ዓመታት አልፈዋል። የፊተኛው ቤት ልጅ ተመርቃ ድግስ ተደግሷል። የጓሮዋ ልጅ ራሷ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ትመጣለች። አንዷ እንግዳ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብላ ትጠይቃለች። የፊተኛዋ ልጅ ጓደኛዋን ታያታለች፣ እንግዶቹን ታያለች። «እቤት የምታግዘን ልጅ ናት» ትላለች። አንድ ሰው ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ለጓሮዋ ልጅ ያቀብላታል። ትቀበላለች። ሁሉንም እየዞረች ታስተናግዳለች፤ ጓደኛዋ ጋ የምትደርሰው በመጨረሻ ነው። ጓደኛዋ ቀና ሳትል ብርጭቆዋን ታነሣለች። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ትሪው ባዶ እንደሆነና ልጅቷ ግን የምታስቀምጥበት ቦታ እንደጠፋት የሚናገር። በቃ። ጓደኝነታቸው ያሸንፋል!

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አንባቢዎቼ፣ እስካሁን ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። ከየት እንደምጀምረው ስላላወቅኩ ነው የዘለልኩት። እንድታገባኝ ከመጠየቄ ሦስት ቀን በፊት፣ እኔና መርፌ እጅ ለእጅ ተያይዘን ከቤተ መጻሕፍቱ የውጭ ደረጃ እየወረድን ነበር። ከታች እናቴና ጓደኛዋ የዳኛው ሚስት ብቅ አሉ። እጄ የመርፌን እጅ ለቀቀ። እኔ አልለቀቅኩም፣ እጄ ነው የለቀቀው ብዬ ለራሴ ስንት ጊዜ ተከራክሬአለሁ። የዳኛው ሚስት ሳመችኝና ወደ መርፌ ዞራ፣ «ይቺ ቆንጆስ ማናት?» አለች።

«መጻሕፍት የምትጠግንልን ሠራተኛ ናት» አልኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ። በብብቴ አራት ዶሴ ይዤ ነበር። ነገሩ እውነት እንዲመስል አውጥቼ ሰጠኋት። «እነዚህን ወደ ምድር ቤት አውርጂልኝ» አልኩ። ተቀበለችኝ። ዞራ ደረጃውን ወጥታ ወደ ሕንፃው ተመለሰች። በማግስቱ «ደንግጬ ነው እኮ» ስላት፣ «ምንም አይደል» አለችኝ። እኔም ምንም እንዳልሆነ አመንኩ። ሲመቸው የማያምን ማን አለ?

መናገር ያቃታትን መጽሐፍ ውስጥ አገኘችው። በእጇ ሰፍታ አቀበለችኝ፣ የምከፍትበትንም ቢላ ጨምራ። እኔ ደግሞ አደባባይ ወጥቼ ያልሆነውን መጨረሻ ሰጠሁት።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቴ በረንዳ ላይ ብርቱካን ትልጥ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ያን ቀን ደረጃው ላይ ከኔ ጋር የነበረችውን ልጅ ታስታውሻታለሽ?»

«እጇን የለቀቅካትን?»

ልጣጩን ሳይበጠስ እያዞረች ቀጠለች።

«እናትህ እኮ ነኝ። ከፊትህ በፊት ያየሁት እጅህን ነው። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽህም፤ የማን ልጅ ናት እያልኩ ነበር። መልቀቅህን ሳይ ግን... ዶሴውን ስታሸክማት ደግሞ... ያሳደግኩት ልጅ ይሄ ነው ወይ አልኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ነገርከኝ?»

«አንቺን ፈርቼ ነው።»

ቢላዋን አቆመች። «እኔን? እኔ ምን አልኩህ? መቼ ነው ተው ያልኩህ? አንድ ቀን ጥራልኝ።»

ፈለግኩ። ሦስቱን ዓመት ወደ ኋላ እየገለጥኩ ፈለግኩ፤ አንድ ቀን አላገኘሁም።

«ብትጠይቀኝ እምቢ እል ይሆናል» አለች። «አንድ ሳምንት አኮርፍ ይሆናል። ግን እምቢታዬን እንኳ ራስህ ብለህልኝ፣ በኔ አሳበብክ። አየህ፣ የናቅከው እሷን ብቻ አይደለም።»

«እንድታገባኝ ጠይቄአታለሁ።»

«እሷስ?»

«መጽሐፍ ሰጠችኝ። ቅዳሜ ያወራሁለትን። መጨረሻውን አላነበብኩትም ነበር።»

እናቴ አፏን ከፍታ አየችኝ። «ያን ያስጨበጨብከንን? እኔ እኮ እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት!»

ሳቅ ይሁን ልቅሶ የመጣብኝ ሳላውቀው ግማሽ ብርቱካን አቀበለችኝ። ባልወድም በላሁት። ያን ያህል መራራ ብርቱካን ቀምሼ አላውቅም፤ እሷ ግን «እንዴት ይጣፍጣል» አለች።

*

በሚቀጥለው ቅዳሜ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አዲስ መጽሐፍ እንዳቀርብ ጠብቆ ነበር። ያንኑ ስሱን መጽሐፍ ይዤ ወጣሁ። ላብ አጥምቆኛል።

«ባለፈው ሳምንት ይህን መጽሐፍ መከርኳችሁ» አልኩ። «አላነበብኩትም ነበር። እስከ አምሳ ስምንተኛው ገጽ ብቻ ነው ያነበብኩት። መጨረሻው ብዬ የነገርኳችሁ ከራሴ የፈጠርኩትን ነው።»

ከመስኮቱ ጥግ ጡረተኛው መምህር ተነሡ።

«ልጄ፣ እኔ እዚህ ያለውን አሮጌ ቅጂ ሰኞ ተውሼ ማክሰኞ ጨረስኩት። መጨረሻው አንተ ካልከው ጋር አልገጥም ሲለኝ ዓይኔን ጠርጥሬ ሁለተኛ አነበብኩት። ሐኪም ጋ ሁሉ ቀጠሮ ይዤ ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ይገባኛል፤ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

«ቀጠሮውን ይሰርዙት ጋሼ» አልኩ ሳቁ ሲበርድ። «ዛሬ እንደገና ልምከራችሁ። አጭር ነው፤ ግን አትቸኩሉበት። ስለ ሁለት ልጆች ነው፤ ስለሚዋደዱ፣ ግን አንዷ ሁልጊዜ በፊት በር፣ ሌላዋ ሁልጊዜ በጓሮ ስለምትገባ። ከመካከላቸው ክፉ የለችም። ለዚህ ነው የሚያመው። ማንም ሰው ጓደኛውን በአንድ ቀን አይከዳም፤ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ዓይኑን ይሰብራል፣ አንድ ቀን ሰው ፊት ሲጠየቅ ደግሞ አፉ ያንን ለምዶ ይጠብቀዋል። ሰው ያሳፈራችሁ ካላችሁ አንብቡት። ሰው ያሳፈራችሁ... ሰው ላይ ይህን ያደረጋችሁ ካላችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ።»

ከዚህ በላይ አልተናገርኩም። ስለ ደረጃው መናገር ቃጥቶኝ ነበር፤ ያ ታሪክ ግን የኔ ብቻ አልነበረም። ማንም አላጨበጨበም። ሰው ወንበሩን እያንኳኳ ሲነሣ እናቴ ቀድማ ወደ ውሰት መዝገቡ ሄዳ ስሟን ስታስጽፍ አየሁ። ወደኔ አልዞረችም። ከመድረኩ ወርጄ የት እንደምቆም ጠፍቶኝ ቆምኩ።

*

መርፌ ምድር ቤት ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የላትም፤ ግን ክር በሰም እየጎተተች ነበር።

«በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁህ» አለች።

«ስለ ደረጃው አላነሣሁም።»

«ብታነሣው ዳግመኛ አላናግርህም ነበር። እሱ የኔ ነው።»

ከጠረጴዛው ማዶ ቆምኩ። መቀመጥ አልደፈርኩም። «ዶሴዎቹን ስለሰጠሁሽ... የተናገርኩት ሳይሆን እሱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። እንዴት ተቀበልሽኝ? ለምን ፊቴ ላይ አልወረወርሽውም?»

ክሯን አቆመች።

«ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ?» አለች። «ወደዚህ አወረድኳቸው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ከዚያ በፊደል ተራ ደረደርኳቸው። የላላውን ማሰሪያ አጠበቅኩ። አንዱ ጥጉ ተጣጥፎ ነበር፤ አቃናሁት። ማንም አላዘዘኝም። ስጨርስ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። አንተ ስለ ተናገርከው አይደለም ያለቀስኩት። እናቴ ሰው ሲያመናጭቃት ወለሉን አብልጣ ነበር የምታጸዳው። እጄ የሷ እጅ መሆኑን ያን ቀን አየሁ።»

እኔ አንድ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ራሷን ዝቅ አድርጋ እንድታይም አድርጌአታለሁ። ያለ ፈቃድ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ለእናቴ ነግሬአታለሁ» አልኩ። «ሁሉንም። አውቃ ኖሯል። ከልክላኝም አታውቅም። እንቅፋቱ እኔ ነበርኩ። መርፌ፣ ዛሬ እዚሁ እንደገና ልጠይቅሽ። ነገ ከፈለግሽ በዚያው ደረጃ ላይ እጅሽን ይዤ...»

«ዛሬ አትጠይቀኝ።»

«ለምን?»

«እያፈርክ ነዋ።»

አልገባኝም። ክሩን አስቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ውስጥ ፊት ለፊት አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን የረጋ ነበር።

«ሰው ሲያፍር ቸር ይሆናል» አለች። «ያለውን ሁሉ ይሰጣል፣ ውሰዱልኝ ይላል። አሁን ብትጠይቀኝ እሺ እል ይሆናል፤ እወድሃለሁና። ግን ካሳ ሆኜ ቤትህ አልገባም። ዕድሜዬን ሙሉ ባየኸኝ ቁጥር የበደልከውን የምታስታውስብኝ ሴት መሆን አልችልም። እፍረቱ ይውጣልህ። ወጥቶልህ፣ ልብህ ቀልሎ፣ እንደ ወትሮህ ስትስቅ፣ ያን ጊዜም የምትፈልገኝ ከሆነ ውረድና ጠይቀኝ።»

«ባይወጣልኝስ?»

«ይወጣል። ከሁሉም ሰው ላይ ይወጣል።» ፊቷን ወደ ስፌቷ መለሰች። «እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

ይህ ከሆነ አምስት ሳምንት አለፈ። ሰው በእፍረት ይኖራል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ እኔ ግን ኖርኩበት። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። አለ ወይ? አለ። ያን ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይሰማኛል። ወደ እሷ የሚወስደኝ መንገድ ስላልተከፈተ ይከፋኛል፤ እሷን አጥርቼ ያየሁበት ዓይን ስላልጠፋ ደግሞ እጽናናለሁ። ይለቀኝ እላለሁ። እንዳይለቀኝም እላለሁ።

ትናንት ጀርባው የተላቀቀ መዝገበ ቃላት ይዤ ምድር ቤት ወረድኩ። በዚህ ጊዜ እውነትም ተጎድቶ ነበር። አዛውንቱ ጠራዥ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። መሳቢያ ከፈቱ፣ ወረቀት አነሡ፣ በመጨረሻ ወደኔ ዞሩና «ዶክተር፣ አንተ ነህ የወሰድከው አይደል? ደግሞ እኮ አታነብበትም!» አሉኝ።

ሳቅኩ። ከሆዴ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር ድረስ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄን ራሴ ሰማሁትና ደነገጥኩ፤ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

መርፌም ሰምታለች። ክሩ በእጇ እንደተወጠረ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ተስፋ ይሁን ፍርሃት መለየት አልቻልኩም። ደረቴ ውስጥ ያንን የለመድኩትን የእፍረት ክብደት በጥድፊያ ፈለግኩት። ነበረ፤ ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም። በሕይወቴ የዚያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።